አባ ኢየሱስ ሞዓ ዘሐይቅ እስጢፋኖስ፦ ሕይወታቸው፣ ትምህርት ቤታቸውና የታሪክ ቅርሳቸው

መግቢያ

ከወልድያ ተነሥቶ በስሪንቃ፣ በመርሳ፣ በውርጌሳና በውጫሌ በኩል ወደ ደሴ የሚዘልቀው መንገድ ሐይቅ ከተማ ሲደርስ፣ ከከተማዋ በስተምሥራቅ የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የሚገኝበት ውኃ ይታያል። ገዳሙ ያለበት ስፍራ ጥንት ዙሪያውን በውኃ የተከበበ ደሴት ነበር፤ ዛሬ ከየብስ ጋር ተያይዞ ባሕረ ገብ መሬት ሆኗል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደዚህ ስፍራ የመጡት አባ ኢየሱስ ሞዓ በኢትዮጵያ የምንኩስና ታሪክ ውስጥ ከፍ ያለ ቦታ ከሚሰጣቸው አባቶች አንዱ ናቸው።

በሕዝብ ዘንድ አባ ኢየሱስ ሞዓ ይበልጥ የሚታወቁት በሁለት ነገሮች ነው። አንደኛው የአቡነ ተክለ ሃይማኖት መምህር መሆናቸው ሲሆን፣ ሁለተኛው በ1270 ለነገሠው ለይኩኖ አምላክ መንገድ ጠርገዋል መባሉ ነው። ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ከእነዚህ ሁለት ዝናዎች ጀርባ ያለውን ማስረጃ ነው። የጽሑፉ ማዕከላዊ ሐሳብ የሚከተለው ነው፦ ስለ አባ ኢየሱስ ሞዓ በዘመናቸው የተጻፈው ማስረጃ የሚያሳየው መጻሕፍት የሚያሰባስቡና ትምህርት ቤት ያቋቋሙ አበ ምኔትን ነው፤ ንጉሥ አንጋሽ አድርጎ የሚያቀርባቸው ትረካ ግን ከእርሳቸው ዕረፍት በኋላ ከሁለት መቶ ዓመታት ገደማ ቆይቶ፣ በገዳማት መካከል በነበረ ፉክክር ውስጥ ቅርጽ የያዘ ነው። ሁለቱን ለይቶ ማየት የአባን ክብር የሚቀንስ አይደለም፤ ይልቁንም እውነተኛው ቅርሳቸው ምን እንደነበረ ለማወቅ ይረዳል።

በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ሲሆኑ፣ የበዓላት ቀናት ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ተቀምጠዋል።

ምንጮቹና ዕድሜያቸው

ስለ አባ ኢየሱስ ሞዓ የሚናገሩት ጽሑፎች በሁለት ይከፈላሉ። የመጀመሪያው ወንጌለ ኢየሱስ ሞዓ በመባል የሚታወቀው የአራቱ ወንጌላት የብራና መጽሐፍ ነው። መጽሐፉ አባ ኢየሱስ ሞዓ ለገዳማቸው ያበረከቱት ሲሆን፣ በ1280/81 የተጻፈ መሆኑ ይታወቃል። ዘመናቸው በርግጠኝነት ከታወቀ የኢትዮጵያ ብራናዎች መካከል ከቀደምቶቹ የሚመደብ ነው። በ1970ዎቹ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲነሡ ይህም መጽሐፍ በቁጥር 1832 ተመዝግቧል፤ ስለዚህ ተመራማሪዎች ወደ ገዳሙ ሳይሄዱ ሊያነቡት የሚችሉት ቅጂ አለ።

ይህ ብራና የወንጌል መጽሐፍ ብቻ አይደለም። በኢትዮጵያ አብያተ ክርስቲያናት ልማድ ወንጌል የቤተ ክርስቲያኑ መዝገብ ቤት ጭምር ነው። የርስትና የጉልት ስጦታ፣ የንዋየ ቅድሳት ዝርዝር፣ የውል ቃል፣ የግዝት ቃል በወንጌሉ ባዶ ገጾችና ኅዳጎች ላይ ይሰፍራል፤ ቅዱስ መጽሐፍን መፋቅ ወይም ማጥፋት የሚያስፈራ በመሆኑ ወንጌሉ ለሰነዱ ዋስ ይሆነዋል። በወንጌለ ኢየሱስ ሞዓም ተከታታይ ነገሥታት ለሐይቅ እስጢፋኖስ የሰጡት መሬትና ሌሎች ማስታወሻዎች ተጽፈውበታል። ከእነዚህ መካከል የዓፄ አምደ ጽዮንን በዳሞትና በሐድያ ላይ የተደረጉ ዘመቻዎች፣ በ1316/17፣ የሚመለከተው ማስታወሻ ይገኛል። ስለዚህ በአንድ የወሎ ገዳም ወንጌል ኅዳግ ላይ የተጻፈ ቃል የአገሪቱን የፖለቲካ ታሪክ ዘመን ለመወሰን ዋና ማስረጃ ሆኗል።

ሁለተኛው ምንጭ ገድለ ኢየሱስ ሞዓ ነው። ገድሉን ስታኒስላስ ኩር በ1965 ከፈረንሳይኛ ትርጉም ጋር አሳትሞታል። ገድሉ አሁን ባለው ቅርጹ የተጠናቀረው በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ገደማ ወይም ከዚያ በኋላ እንደሆነ ይታመናል። ይህም ማለት አባ ኢየሱስ ሞዓ ባረፉና ገድላቸው በተጻፈ መካከል የሁለት መቶ ዓመታት ያህል ርቀት አለ ማለት ነው። ገድል የሚጻፈው በበዓል ቀን በማኅበር ፊት እንዲነበብ፣ ቅዱሱን ለማወደስና የገዳሙን ክብር ለማጽናት ነው። በመሆኑም ገድሉ ስለ 13ኛው ክፍለ ዘመን የሚሰጠውን መረጃ ያህል፣ የተጻፈበትን ዘመን ማኅበረ መነኮሳት ፍላጎትና ሥጋትም ይነግራል።

ከዘመናዊ ጥናቶች ዋነኞቹ የፕሮፌሰር ታደሰ ታምራት ሥራዎች ናቸው። እርሳቸው በ1970 ከ1248 እስከ 1535 የነበሩትን የሐይቅ አበ ምኔቶች የሚመለከት ጽሑፍ፣ በ1972 ደግሞ ስለ ቤተ ክርስቲያንና ስለ መንግሥት ግንኙነት የሚያወሳውን የታወቀ መጽሐፋቸውን አሳትመዋል። በሁለቱም የወንጌሉን ማስታወሻዎች ከገድሉ ጋር በማመሳከር የገዳሙን ታሪክ መሠረት ጥለዋል።

ከዳህና እስከ ደብረ ዳሞ፣ ከደብረ ዳሞ እስከ ሐይቅ

ገድሉ እንደሚተርከው የአባ ኢየሱስ ሞዓ ትውልድ ዳህና በተባለ አገር ነው። የስማቸው ትርጉም «ኢየሱስ አሸነፈ» ማለት ነው። በሠላሳ ዓመታቸው ገደማ ቤታቸውን ትተው በትግራይ ወደሚገኘው ወደ ጥንታዊው የደብረ ዳሞ ገዳም ሄዱ፤ በዚያም የአበ ምኔቱ የአባ ዮሐኒ ደቀ መዝሙር ሆኑ። ደብረ ዳሞ ከአክሱም ዘመን የወረደውን የምንኩስና ሥርዓት የጠበቀ፣ በገመድ ብቻ የሚወጣበት አምባ ነው። ወጣቱ መናኝ በዚያ በጾምና በጸሎት፣ በገዳሙ የጉልበት ሥራና በመጻሕፍት ጽሕፈት እንደኖሩ ይነገራል።

ይህ የጽሕፈት ሙያ ለኋለኛው ሕይወታቸው ቁልፍ ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አንድ መጽሐፍ ማዘጋጀት የብዙ እጅ ሥራ ነበር። የፍየል ቆዳ ተዘፍዝፎ፣ በመወጠሪያ ተወጥሮ፣ ሥጋውና ጠጉሩ ተፍቆ፣ ለስልሶ ብራና ይሆናል፤ ከዚያም ይሰመራል፣ በመቃ ብዕር በጥቁርና በቀይ ቀለም ይጻፋል፣ በመጨረሻም ይጠረዛል። ለአንድ የአራቱ ወንጌል ቅጂ የብዙ ፍየሎች ቆዳና የረዥም ወራት ድካም ያስፈልጋል። ይህን ሙያ የሚያውቅ መነኩሴ ወደ ሌላ አገር ሲሄድ ይዞት የሚሄደው ሥርዓተ ገዳሙን ብቻ ሳይሆን መጻሕፍትን የማባዛት ችሎታንም ነበር።

አባ ኢየሱስ ሞዓ ወደ ሐይቅ የመጡት በ1248 ገደማ ነው። በደሴቱ ላይ ከእርሳቸው በፊት የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን ነበረ፤ ትውፊት የቤተ ክርስቲያኑን አመሠራረት ወደ 9ኛው ክፍለ ዘመን፣ ወደ ንጉሥ ድል ነዓድ ዘመን ያደርሰዋል። ስለዚህ አባ ኢየሱስ ሞዓ የመጀመሪያው የስፍራው አገልጋይ አልነበሩም። የእርሳቸው ሥራ ቤተ ክርስቲያን የነበረውን ስፍራ የተደራጀ የአንድነት ኑሮ ያለው፣ ደቀ መዛሙርት የሚማሩበትና መጻሕፍት የሚጻፉበት ገዳም ማድረግ ነበር። በዚህ ሥራ ላይ ከአርባ ዓመታት በላይ ቆይተው በ1293 ገደማ ዐረፉ። የዕረፍታቸው መታሰቢያ በየዓመቱ ኅዳር 26 ቀን ይከበራል።

የሐይቅ መገኛም ለሥራው ምቹ ነበር። በስተሰሜን በጊዜው አንጎት የሚባለው፣ የዛሬውን ሰሜን ወሎ ጉልህ ክፍል የሚያካትተው አገር ይዋሰነዋል፤ በእርሱም በኩል ወደ ላስታና ወደ ትግራይ ይደረሳል። በስተደቡብና በስተምዕራብ ደግሞ ጥንታዊው የአማራ ግዛትና ከዚያ ወዲያ ሸዋ አለ። የሰሜኑ የክርስትና ትምህርት ወደ ደቡብ በሚስፋፋበት ዘመን ሐይቅ በመካከል የተተከለ ማረፊያ ሆነ። ከደቡብ የሚመጣ ተማሪ እስከ ደብረ ዳሞ ሳይጓዝ ትምህርቱን የሚያገኝበት ስፍራ በዚህ አካባቢ ያገኘው በእርሳቸው ዘመን ነው።

ትምህርት ቤቱና መጻሕፍቱ

የአባ ኢየሱስ ሞዓ ትምህርት ቤት ውጤት በደቀ መዛሙርቱ ይለካል። ከሁሉ የታወቁት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው። ከሸዋ ተነሥተው በሐይቅ ለዓመታት ከተማሩ በኋላ ወደ ደብረ ዳሞ ወጥተው በመምህራቸው መምህር በአባ ዮሐኒ ዘንድ ቆዩ፤ ወደ ሸዋ ተመልሰውም በ1280ዎቹ ደብረ አስቦን መሠረቱ። ይህ ገዳም በ1445 በዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ ፈቃድ ደብረ ሊባኖስ ተባለ። በትውፊት ከሐይቅ ደቀ መዛሙርት የሚቈጠሩት አባ ኂሩተ አምላክ ደግሞ በጣና ሐይቅ የዳጋ እስጢፋኖስን ገዳም መሥርተዋል። አዲሱ ገዳምም እንደ እናት ገዳሙ በደሴት ላይ መቆሙና በቅዱስ እስጢፋኖስ ስም መጠራቱ የዝምድናውን ምልክት ይዟል።

የትምህርት ቤቱ ሁለተኛ መለኪያ መጻሕፍቱ ናቸው። ከ1292 የሚቈጠር፣ የገዳሙን መጻሕፍት የሚዘረዝር ጽሑፍ በወንጌለ ኢየሱስ ሞዓ ተጠብቆ ይገኛል። ዝርዝሩ ሰማንያ ገደማ መጻሕፍትን የሚጠቅስ ሲሆን፣ ከኢትዮጵያ የመጻሕፍት ዝርዝሮች ሁሉ ከቀደምቶቹ አንዱ ነው። ፕሮፌሰር ሥርግው ሀብለ ሥላሴ ስለ ሐይቅ ቤተ መጻሕፍት ባደረጉት ጥናት የዚህን ማስረጃ ዋጋ አሳይተዋል። የእያንዳንዱን ብራና ድካም ያሰበ ሰው ሰማንያ መጻሕፍት በአንድ ደሴት ላይ መሰብሰባቸው ምን ያህል ሀብትና ስንት የሠለጠነ እጅ እንደጠየቀ ይገነዘባል። ዝርዝሩ የአክሱም ዘመን ካበቃ በኋላ የግእዝ ሥነ ጽሑፍ እንደገና ከማበቡ በፊት ምን ምን መጻሕፍት በእጅ እንደነበሩ ለሚጠይቅ ተመራማሪም መነሻ ነው።

ትምህርቱ ከመሥራቹ ጋር አላበቃም። ከአንድ መቶ ዓመታት በኋላ በሐይቅ የተማሩት አባ ጊዮርጊስ ዘጋሥጫ መጽሐፈ ምሥጢርን፣ አርጋኖንንና ሌሎችንም ድርሰቶች ጽፈዋል። በ14ኛውና በ15ኛው ክፍለ ዘመን የታየው የግእዝ ድርሰት መስፋፋት አንዱ ምንጭ እንዲህ ያለ፣ በትውልድ መካከል ያልተቋረጠ የትምህርት ሰንሰለት ነው።

የቃል ኪዳኑ ትረካ

ገድሉ አባ ኢየሱስ ሞዓን ከይኩኖ አምላክ ጋር ያገናኛቸዋል። እንደ ትረካው ይኩኖ አምላክ ወደ ዙፋን ከመውጣቱ በፊት ከአባ ጋር ቃል ኪዳን ገባ፤ አባ በጸሎታቸው ሲረዱት፣ እርሱም ሲነግሥ የሐይቅን አበ ምኔት ዐቃቤ ሰዓት በሚል ማዕርግ በቤተ መንግሥቱ ከፍ እንደሚያደርግ ቃል ገባ። ይህ የቃል ኪዳን ታሪክ የሚገኘው በኋለኞቹ ምንጮች ነው።

ትረካው መሠረት የለውም ማለት አይቻልም። የይኩኖ አምላክ መነሻ ኃይል የነበረው አማራ ሐይቅ የሚገኝበት አካባቢ ነው፤ በዚያ ስመ ጥር የነበረ ገዳም ድጋፍ ለአዲስ ሥርወ መንግሥት ጠቃሚ እንደሚሆን ግልጽ ነው። ገዳሙ ከነገሥታቱ መሬት መቀበሉም በወንጌሉ ማስታወሻዎች ይታያል። ወንጌሉ የአባ ኢየሱስ ሞዓን የራሳቸውን ሥዕል መያዙ ደግሞ ሌላ ፍንጭ ነው። የሥነ ጥበብ ታሪክ ተመራማሪዋ ክሌር ቦስክ-ቲየሴ ይህን ሥዕል ከነገሥታቱ በገዳሙ ጉዳይ መግባትና ከአባ ቅድስና መታወቅ ጋር አያይዘው በ2010 ባወጡት ጥናት መርምረውታል። በገዳሙና በቤተ መንግሥቱ መካከል ዝምድና እንደነበረ እንግዲህ ጥርጥር የለም። ጥያቄው ዝምድናው በቃል ኪዳን መልክ የተተረከው መቼና ለምን ነው የሚለው ነው።

መልሱን ለማግኘት ወደ 15ኛው ክፍለ ዘመን መመልከት ያስፈልጋል። ዐቃቤ ሰዓት፣ በቃል ፍቺው «የሰዓት ጠባቂ»፣ በዚያ ዘመን ከቤተ መንግሥቱ ታላላቅ ማዕርጎች አንዱ ሆኖ ነበር። በዓፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ዐቃቤ ሰዓት አምኃ ጽዮን ወደ ንጉሡ በነጻነት መግባት ከሚችሉት ጥቂት ሰዎች መካከል እንደነበረ የንጉሡ ዜና መዋዕል ይመሰክራል። በ1520ዎቹ ከፖርቱጋል መልእክተኞች ጋር የመጣው ፍራንሲስኮ አልቫሬዝም ማዕርጉን «ካቤአታ» እያለ ይጠራና የባለማዕርጉን ታላቅነት ይገልጻል። በዚሁ ዘመን ግን ደብረ ሊባኖስም በሸዋ ኃያል ገዳም ሆኖ፣ አበ ምኔቱ በመላ አገሪቱ ተሰሚነት አግኝቶ ነበር። የሐይቅ መነኮሳት የአበ ምኔታቸው ማዕርግ ከሥርወ መንግሥቱ ልደት ጋር የተወለደ መሆኑን የሚያስረዳ ታሪክ ያስፈለጋቸው በዚህ የፉክክር ጊዜ ነው።

ፉክክሩ በምንኩስና የዘር ሐረግ ላይም ይታያል። በኢትዮጵያ ገዳማት ማን ማንን አመነኰሰ የሚለው ጥያቄ የክብር ጥያቄ ነው። የሐይቅ ወገን አቡነ ተክለ ሃይማኖት ከአባ ኢየሱስ ሞዓ እጅ መመንኰሳቸውን ያጎላል። በደብረ ሊባኖስ ወገን ያለው ትውፊት ይህን ሳይክድ ሌላ ይጨምርበታል፦ አቡነ ተክለ ሃይማኖት በደብረ ዳሞ ከአባ ዮሐኒ ቆብና አስኬማ ተቀብለው ሲመለሱ፣ እነዚህን ሳይቀበሉ ከደብረ ዳሞ ለወጡት ለቀድሞ መምህራቸው መልሰው ሰጡ ይላል። በዚህ አነጋገር ደቀ መዝሙሩ በተራው የመምህሩ አባት ይሆናል፤ ሁለቱ ገዳማትም ማን ይቀድማል በሚለው ጥያቄ እኩል ይቆማሉ።

ከጊዜ በኋላ ደግሞ ንጉሥ የማንገሡ ሚና ከአባ ኢየሱስ ሞዓ ወደ አቡነ ተክለ ሃይማኖት ተሻገረ። መንግሥት ከዛጔ ወደ ይኩኖ አምላክ እንዲመለስ ያደረጉት፣ ከአገሩም መሬት ሲሶው ለቤተ ክርስቲያን እንዲሆን ውል ያስገቡት አቡነ ተክለ ሃይማኖት ናቸው የሚለው ትውፊት ሰፊ ተቀባይነት አገኘ። የዘመን ቅደም ተከተሉ ግን ይህን አይደግፍም። ሥርወ መንግሥቱ በተለወጠበት በ1270 ደብረ አስቦ ገና አልተመሠረተም፤ አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ገና ታላቅ ገዳም የሚመሩ አባት አልነበሩም። በዚያ ዓመት በአማራ ከሃያ ዓመታት በላይ የሠራ ትምህርት ቤት የነበራቸው መምህራቸው ነበሩ። ስለዚህ ከሁለቱ ትውፊቶች የሐይቁ ለታሪኩ ይበልጥ ይቀርባል፤ ይሁን እንጂ እርሱም ቢሆን ለዝርዝሩ የዘመኑን ምስክር ማቅረብ አይችልም።

ከ1531 በኋላ

የሐይቅ እስጢፋኖስ የፖለቲካ ኃይል በ16ኛው ክፍለ ዘመን ተዳከመ። በ1531 የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ጦር ወደ ሐይቁ ደርሶ የደሴቱን ሀብት እንደወሰደ የዘመቻው ጸሐፊ ዐረብ ፈቂህ ይተርካል። ከዚያ ወዲህ የመንግሥቱ ማዕከል ወደ ጣና አካባቢ ስለዞረ ገዳሙ ለቤተ መንግሥቱ የነበረው ቅርበት አልተመለሰም። በቃል ኪዳን ተገኘ የተባለው ክብር እንዲህ ሲያልፍ፣ የአባ ኢየሱስ ሞዓ ወንጌል ግን ከጦርነቱ ተርፎ እስከ ዛሬ ደረሰ። ከእርሳቸው ትምህርት የወጡት የደብረ ሊባኖስና የዳጋ ገዳማትም እንደዚሁ ጸንተዋል።

ለተመራማሪዎች የሚሰጠው ትምህርት

የአባ ኢየሱስ ሞዓ ታሪክ በሰሜንና በደቡብ ወሎ የገዳማትና የአድባራት ታሪክ ለሚያጠኑ ሦስት ነገሮችን ያመለክታል።

አንደኛ፣ ገድልን እንደ ሁለት ዘመን ምንጭ ማንበብ ይገባል። ገድሉ ስለ ቅዱሱ ዘመን የሚለውን ከሌላ ማስረጃ ጋር ማመሳከር፣ ስለ ጸሐፊው ዘመን የሚገልጠውን ደግሞ ራሱን ችሎ መመርመር ያስፈልጋል። አንዱን ትረካ «እውነት ነው» ወይም «ተረት ነው» ብሎ ማለፍ ሁለቱንም እውቀቶች ያሳጣል።

ሁለተኛ፣ የወንጌል ኅዳግ ማስታወሻዎች ከጽሑፉ እኩል ትኩረት ይሻሉ። ብራና ሲመዘገብ የመጽሐፉን ርዕስና ይዘት ብቻ መጻፍ በቂ አይደለም፤ በመጀመሪያና በመጨረሻ ቅጠሎች፣ በሥዕሎች ጀርባና በኅዳጎች ላይ ያለው ቃል ከነቦታው ሊመዘገብ ይገባል። የአምደ ጽዮን ማስታወሻም ሆነ የ1292ቱ የመጻሕፍት ዝርዝር ለታሪክ የተረፉት በዚህ ዓይነት ስፍራ ስለተጻፉ ነው። ከወልድያ እስከ ሐይቅ ባሉት አብያተ ክርስቲያናት ያሉ ወንጌሎችም በዚህ ዓይን መታየት ይኖርባቸዋል። ማስታወሻው ሳይነበብ ብራናው በእሳት፣ በእርጥበት ወይም በስርቆት ቢጠፋ፣ የሚጠፋው የጸሎት መጽሐፍ ብቻ ሳይሆን የአካባቢው መዝገብ ቤት ነው።

ሦስተኛ፣ የአንድን መንፈሳዊ መሪ ተጽዕኖ ከነገሥታት ጋር ባለው ቅርበት ብቻ መለካት ያሳስታል። ሐይቅ በዐቃቤ ሰዓትነት ያገኘው ክብር ከጊዜ በኋላ ያለፈ ነው። በሐይቅ የተጀመረው የማስተማርና የመጻፍ ሥራ ግን በደቀ መዛሙርት ደቀ መዛሙርት እየተላለፈ ከሸዋ እስከ ጣና ተዳርሷል። አባ ኢየሱስ ሞዓ በዘመናቸው ስለ ራሳቸው ትተውት ያለፉት ምስክር የስጦታ ወንጌልና የመጻሕፍት ዝርዝር ነው፤ የታሪክ ጥናትም ስለ እርሳቸው ሲናገር ከዚህ ምስክር መጀመር ይኖርበታል።